ቃሊቲ፦ ዕውቀት በአብላጫ ድምፅ የተወሰነበት ሳምንት

ቃሊቲን ለመጎብኘት ብሎ ቃሊቲ የሄደ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም የሄድኩት ተልኬ ነው። የባቡሩ መንገድ በሚቆፈርበት፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ለአምስት በተደራጀበት ዘመን፣ ከጎጃም፣ ስሟን ብጠራ ከምትቀየመኝ ትንሽ ከተማ ተነሥቼ «የነርሲንግ ዕውቀት ፍልስፍናዊ መሠረቶች» የሚባል የአምስት ቀን ሥልጠና ልካፈል ወረድኩ። ወደዚያ የመሄድ ዕድል የማይገጥማችሁ ብዙ ናችሁና ያየሁትን በየቀኑ ከፋፍዬ ጽፌላችኋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደተላክኩ ልናገር። የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበርኩ። አንድ እሑድ ቀትር ላይ አንዲት ታካሚ አየሁና አላማረችኝም። ሙቀቷ ደህና፣ ግፊቷ ደህና፣ የልብ ምቷ ደህና፤ እሷ ግን አላማረችኝም። ካርዷ ላይ «አላማረችኝም» ብዬ ጻፍኩና ዶክተሩን ከምሳው አስነሥቼ አስጠራሁት። መጣ፣ መረመራት፣ ምንም አላገኘም። ሴትዮዋ በሦስተኛው ቀን እየሳቀች በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እኔ ግን ተገመገምኩ። ሥራ አስኪያጃችን ልጅ እግር ሰው ነው፤ ካርዱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣

«ሲስተር፣ ይህ አላማረችኝም የሚሉት ነገር ዕውቀት ነው ወይስ ስሜት?» አለኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት።

«እንግዲያው ይሂዱና ይወቁ። ዕውቀት ነው የሚል የተፈረመ ወረቀት ካመጡ ክፍልዎ ላይ ይቆያሉ። ካላመጡ ካርድ ክፍል ይመደባሉ።»

ሃያ ሁለት ዓመት በሽተኛ ሥር የቆምኩ ሴት ከመደርደሪያና ከአቧራ ጋር ልቀመጥ ነው! ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት በዚህ ሁኔታ ነው።

እሑድ

በዋዜማው ጎረቤቶቼን ልሰናበት ስዞር ጉድ ፈላ። በእኛ አገር ቃሊቲ ሲባል የሚታወቀው ማረሚያ ቤቱ ብቻ ነው። አንዷ እጇን አፏ ላይ ጭና «ምን አድርገሽ?» አለችኝ። ሥልጠና ነው ብል ማን ይመነኝ። «ስንት ፈረዱብሽ?» «አምስት ቀን ነው።» «ተመስገን፣ አቅልለውልሻል» አለችና ድፎ ዳቦ፣ ለጠባቂዎቹም ይሆናል ብላ ቆሎ ጨምራ ቋጠረችልኝ።

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ዓባይ በረሃ ስንደርስ ሾፌሩ ፍሬን ያዘና ከላይ የተጫነ የበርበሬ ከረጢት ተቀዶ ተንዶብን፣ መኪናው ሙሉ ሰው እያስነጠሰ ቁልቁል ወረደ። የበረሃውን ውበት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እኔ በእንባ ነው የተሻገርኩት። አዲስ አበባ ገብቼ ደግሞ «ሳሪስ አቦ፣ ቃሊቲ፣ ቃሊቲ!» የሚል ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ስለተቆፈረ ረዳቱ ሦስት ቦታ እያወረደ አስኬደን፤ ባዶው ሚኒባስ በጭቃው ዙሪያ ዞሮ እየመጣ ደግሞ ያነሣናል። በእኛ ከተማ ያለው አስፋልት አንድ ነው፤ እሱም ላይ ውሻ ይተኛበታል። እዚህ ከባድ መኪናው ፋታ አይሰጥም።

ያረፍኩት አቃቂ፣ የሥራ ባልደረባዬ አክስት እትዬ ሎሚ ቤት ነው። ባላቸው የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሞተዋል። እትዬ ሎሚ አልጋቸውን ለቀው መሬት ሊተኙ ተነሡ። «አይሆንም እትዬ፣ እርስዎ ይተኙ፣ እኔ ወጣት ነኝ» አልኩ፤ ወጣት አይደለሁም። «እንግዳ መሬት ተኝቶ እኔ አልጋ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። ክርክሩ ማለቂያ ስላጣ ሁለታችንም መሬት ተኛን፤ አልጋው እስከ ቅዳሜ ባዶውን ከረመ።

ሰኞ

አዳራሹ የአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ ነው። በኮምፔርሳቶ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከወዲያ ሾፌሮች ይሠለጥናሉ፣ ከወዲህ እኛ፣ ከየክልሉ የተሰበሰብን ሃያ ስምንት ነርሶች። ሽፋኑ ያማረ ጥራዝ ታደለን። የመጀመሪያው ገጽ «ዕውቀት ምንድን ነው?» ይላል። ሁለተኛውን ገለጥኩ፤ «ዕውቀት ምንድን ነው?» ሦስተኛውም ያው። ፎቶ ኮፒ ያነሣው ሰው አንደኛውን ገጽ አሥራ ሁለት ጊዜ አባዝቶ ጠርዞታል። ግማሹ ቀን «እስቲ ያንቺን አሳዪኝ፣ መልሱ ያንቺ ላይ ይኖር ይሆናል» ስንባባል አለፈ።

አሠልጣኙ ሌላ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ሳምንቱን ሙሉ አልመጡም። ትምህርቱን በፍላሽ ልከውት ነበር፤ መብራት የለም። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይበተን ይሆናል። እኛ ግን የዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ነን። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ለአምስት ተደራጀን፣ ሰብሳቢ መረጥን፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ መረጥን። የጥሪው ደብዳቤ «ሥልጠናው ተሳታፊዎች የጋራ አቋም በመያዝ ይጠናቀቃል» ስለሚል፣ ዕውቀት ምን እንደሆነ ተወያይተን እስከ ዓርብ በድምፅ ልንወስን ተስማማን።

ሰብሳቢው አቶ ጌታሁን ከደቡብ የመጡ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁ ቀጭን ሰው ናቸው። ቃለ ጉባኤ ያዧ ሲስተር ራሔል የአዳማ ልጅ ናት፤ የተናገርነውን ቀርቶ ያስነጠስነውንም ትጽፋለች።

አቶ ጌታሁን ስብሰባውን ሲከፍቱ «የተለካ ይታወቃል። ያልተለካ አይታወቅም። በዚህ ላይ ተቃውሞ ካለ ይቅረብ» አሉ። እጄን አወጣሁና የመጣሁበትን ጉዳይ፣ የካርድ ክፍሉን ዛቻ ሳይቀር ዘረገፍኩት። አዳራሹ ከንፈሩን መጠጠ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ሲስተር፣ ከልቤ አዝናለሁ። ማዘኔን ግን እንደ ማስረጃ ልይዝልሽ አልችልም» አሉኝ።

ክፉ ሰው ቢሆኑ በቀለለኝ። ለሻይ ስንወጣ ወንበር የሳቡልኝ እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ

ጠዋት አንድ ከጤና ጣቢያ የመጣ ነርስ «እኔ እጄን ግንባር ላይ ሳሳርፍ ትኩሳት መኖሩን ከቴርሞሜትሩ በፊት አውቃለሁ» አለ። አቶ ጌታሁን «ይሞከር» አሉ። ቴርሞሜትር ተፈለገ። ሃያ ስምንት ነርስ ቦርሳውን ፈተሸ፤ ቴርሞሜትር የለም፣ የግፊት መለኪያ የለም፣ አንድ ቁራጭ ጥጥ እንኳ የለም። አስተባባሪውን ስንጠይቅ «ፍልስፍና ነው ስለተባልን ዕቃ አልያዝንም» አለን። ጉዳዩ መለኪያ እስኪገኝ በቀጠሮ ተላለፈ።

ከሰዓት ደግሞ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ የሾፌሮቹ አሠልጣኝ «መስታወት ሁሉን አያሳይህም! አንገትህን አዙረህ እይ እንጂ!» ብሎ ሲጮኽ፣ ራሔል አቀርቅራ ስትጽፍ ስለነበር የተሳታፊ አስተያየት መስሏት መዘገበችው። ሲነበብ አራት ሰው ደገፈው። አቶ ጌታሁን አስተያየቱን ማን እንደሰጠ ጠየቁ፤ ማንም አልነበረም። «ሰጪው ባይታወቅም ሐሳቡ ተደግፏልና ይቆይ» ተባለ። በዚያ ቀን ለእኔ ወገን የተገኘ ጠንካራ ክርክር ያ ብቻ ነበር።

ቤት ስደርስ እትዬ ሎሚ ለሠፈሩ ሁሉ «ሲስተር መጥታለች» ብለው ስለነበር ደጃፉ በሰው ተሞልቷል። ጉልበት፣ ወገብ፣ ጨጓራ፣ የቀረ ሕመም የለም። ከሁሉም በኋላ ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ በግ እየጎተቱ መጡ። ቀደም ሲል ገበሬ ነበሩ፤ ማሳቸው ቱሉ ዲምቱ በኩል ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበታል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የሰው ነርስ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ከከብቱ ሁሉ የቀረችኝ እሷ ናት። አይተሽ ብቻ ንገሪኝ፣ ትኖራለች ወይ?»

ምን ላድርግ፣ አየኋት። ደንደን ብላ ቆማ የእትዬ ሎሚን ቅጠላ ቅጠል ትግጣለች። «ይህቺስ አምራኛለች» አልኳቸው። ጋሽ ቶሎሳ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ወረቀት አልጠየቁኝም።

ረቡዕ

ዘነበ። የአቃቂ ጭቃ ከእኛ ጭቃ ይለያል፤ የእኛው ይለቅሃል፣ ይህኛው አይለቅም። በባቡሩ ቁፋሮ ላይ በተጋደመች ሳንቃ ስሻገር አዳለጠኝና አንድ ጫማዬ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። በአንድ እግሬ ቆሜ ሳይ የኤስካቫተሩ ሾፌር አዘነልኝ። ያን የሚያህል ማሽን አዙሮ ጭቃውን ዛቀና አካፋውን ፊቴ ዝቅ አድርጎ «የትኛው ነው እትዬ?» አለኝ። አካፋው ውስጥ ሦስት ጫማ ነበር፤ ሦስቱም የየብቻቸው። የራሴን አነሣሁ። ከኋላዬ የነበረች ሴትዮም ያለፈው ሳምንት የጠፋባትን አግኝታ እልል አለች።

አዳራሹ ውስጥ ክርክሩ ከሮ ዋለ። አንዱ ቡድን ዕውቀት በዓመታዊ ዕቅድ ተካትቶ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይደረግ አለ። ሌላው ዕውቀት ከላይ ወደ ታች ይውረድ ወይስ ከታች ወደ ላይ ይውጣ በሚለው ላይ ለሁለት ተከፈለ። ራሴን አሞኝ ወጣሁ።

እትዬ ሎሚ እግሬን በሙቅ ውኃ አጥበው ሽሮ አቀረቡልኝ። ሲያዩኝ ቆይተው፣

«እንዲህ የምትቃጠዪው ለሹመቱ ነው?» አሉኝ።

ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳቸው። ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት አራስ ነበረች። ልክ እንደ እሑዷ ታካሚ ሁሉ ነገሯ ደህና ነበር፤ እኔን ግን አላማረችኝም። ዶክተሩን ልጥራው ብዬ በር ድረስ ሄድኩ። ምን አየሽ ቢለኝ ምን እለዋለሁ ብዬ አፍሬ ተመለስኩ። ለተረኛዋ አስረክቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ አልጋው አዲስ አንሶላ ተነጥፎበት ጠበቀኝ፤ ሕፃኑን አያቱ ታቅፋ ኮሪደር ላይ ቆማለች። ከዚያ ወዲህ ነው ያላማረኝን የምጽፈው። ካርድ ክፍል ከገባሁ ማንንም አላይም፤ ማንንም ካላየሁ ደግሞ ያቺን አራስ ሁለተኛ ጊዜ የተውኳት ይመስለኛል።

እትዬ ሎሚ ጉርሻ አጠቀለሉና አጎረሱኝ፤ ቀጥለው «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ።

ሐሙስ

ወሳኙ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ወደ መድረኩ ቀና ስል አቶ ጌታሁንን አየሁና አላማሩኝም። ድምፃቸው ያው ነው፣ ኮታቸውም ያው ነው። እጄን አወጣሁ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነው?»

«አይደለም። እርስዎ አላማሩኝም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዲስ የክርክር ስልት መስሏቸዋል። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ስብሰባው ይቋረጥና ጋደም ይበሉ፣ እባክዎ» አልኩ።

«ስብሰባ የሚቋረጠው ሐሳብ ቀርቦ ሲደገፍ ነው፣ ሲስተር።»

«አቅርቤአለሁ።»

«የሚደግፍ አለ?»

ራሔል እስክሪብቶዋን እንደያዘች እጇን አወጣች። «እንግዲያው ድምፅ ይሰጥበታል» አሉና፣ ስለ ራሳቸው ጤንነት ራሳቸው ድምፅ ያሰጡ ጀመር። «ሰብሳቢው ታመዋል የምትሉ?» ዘጠኝ እጅ። «አልታመሙም የምትሉ?» አሥራ ሰባት። አንድ ሰው ተኝቶ ነበር። እሳቸው «ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚመለከተኝ ድምፅ አልሰጥም» አሉ። ራሔል «የሰብሳቢው ጤነኛ መሆን በአብላጫ ድምፅ ተረጋግጧል» ብላ ጻፈች። አቶ ጌታሁን ውጤቱን ቆመው ሊያሳውቁ ተነሡ፣ ጠረጴዛውን ያዙ፣ ከነጠረጴዛው ወደቁ።

የመጀመሪያ ስሜቴ ደስታ ነበር። እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ሰውዬው መሬት ላይ ተዘርረው እኔ በሆዴ «ይኸው!» ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ እግሬ ቀደመኝ።

ሃያ ሰባት ነርስ ባንድ ጊዜ ተነሣ። አንዱ እግራቸውን ከፍ አደረገ፣ አንዷ የልብ ምታቸውን ያዘች፣ አንዱ የዓይናቸውን ቆብ ገልብጦ «ነጭ ነው፣ ደም የላቸውም» አለ። ራሔል ከኮታቸው ኪስ ግማሹ የተጠጣ የጨጓራ ሽሮፕ አወጣች። የደማው ጨጓራቸው ነው። ማንም ሐሳብ አላቀረበም፣ ማንም አልደገፈም። ከሁሉም የፈጠኑት ደግሞ አልታመሙም ብለው እጃቸውን ያወጡት ነበሩ።

አምቡላንስ ስንደውል መንገዱ ተቆፍሯልና አልገባም አለ። የሾፌሮቹ አሠልጣኝ ጩኸታችንን ሰምቶ መጣ፤ ያለው መኪና «ለማጅ» የሚል የተለጠፈበት ፒክአፕ ነው። «እኔ ነኝ የምነዳው፣ አትፍሩ» አለ። እኔና ራሔል አቶ ጌታሁንን ደግፈን ተቀመጥን፤ አንድ ተማሪም መውረድ ረስቶ አብሮን ሄደ። አሠልጣኙ በእግረኛ መንገድ፣ በገበያ መሐል፣ በተከለከለው ሁሉ ሲበር ተማሪው «መምህር፣ ፍሬቻ አላበሩም! መምህር፣ ይህ የአንድ አቅጣጫ ነው!» እያለ እስከ ሆስፒታሉ በር አረመው። ደም ተሰጣቸው፣ ተረፉ።

ዓርብ

ጠዋት ያለ ሰብሳቢ ተሰብስበን፣ ሃያ ሰባታችንም ያለ አንድ ተቃውሞ «የነርስ አላማረኝም ማለት ዕውቀት ነው» ብለን አጸደቅን። የቀረው የሰብሳቢው ፊርማ ብቻ ነው። እኔና ራሔል ብርቱካን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። በደስታ መንገዱ አልታወቀኝም።

አቶ ጌታሁን ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሰላምታ በፊት «ቃለ ጉባኤውን አንብቢልኝ» አሉ። ራሔል ጤነኛ መሆናቸው የተረጋገጠበት መስመር ላይ ስትደርስ ቆም ብላ «ይህን ልሰርዘው?» አለቻቸው።

«በማን ፈቃድ? ተወስኗል እኮ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሲስተር፣ ነፍሴን አትርፋችኋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አልፈርምም።»

ወሽመጤ ተቆረጠ። «ለምን?»

«ታምሜ ነበር፣ እውነት ነው። አንቺ ማወቅሽ ግን በምን ይታወቃል? ያቺን ዶክተር ከምሳው ያስነሣሽባትን ሴትዮም እንዲሁ ነበር ያልሻት፤ እየሳቀች ሄደች። የሆነውን ነው የምንቆጥረው። ያልሆነውን ማን ጻፈው?»

«ማክሰኞ ሻይዎን አልጨረሱም» አልኳቸው። «ረቡዕ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሙ። ትናንት ሲቀመጡ ወንበሩን በሁለት እጅዎ ይዘው ነበር።»

«ታዲያ ይህን ትናንት ለምን አልተናገርሽም?»

«ትናንት ማየቴን አላውቅም ነበር።»

«እኮ!» አሉ፤ ግን በጣም አዝነው ነው ያሉት።

ተሰናብተን ወጣን። በሩ ጋ ስንደርስ ጠሩኝ።

«ሲስተር።»

«አቤት።»

«ነገ መውጣት ይችላሉ ብለውኛል። ግፊቴ ደህና ነው፣ ደሜም ደህና ነው አሉ።» ጣራውን አዩ። «እስቲ አንቺ እዪኝ።»

ተመለስኩና አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። ረጋ ብዬ አየኋቸው።

«አምረውኛል» አልኳቸው።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ዓይናቸውን ከደኑ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ያልተፈረመውን ወረቀት ራሔል አጥፋ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ከዚያም ወዲህ

እትዬ ሎሚ እያለቀሱ ሽምብራ ቋጥረው ሸኙኝ። በመመለሻው በርበሬ አልተጫነም፤ ዓባይ በረሃን በደንብ አየሁት።

ሰኞ ለሥራ አስኪያጃችን ወረቀቱንና የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ሰጠሁት። «አልተፈረመም» አለ። «ሰብሳቢው ታመው ነው» አልኩት። ቅጂውን አገላብጦ አነበበና «መታመማቸው እዚህ አልተያዘም፤ እንዲያውም ጤነኛ ናቸው ይላል፣ ያውም በአብላጫ ድምፅ» አለኝ። በማግሥቱ የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ተረከብኩ። በመጀመሪያው ሳምንት መደርደሪያ መሐል ቆሜ አለቀስኩ።

ሥራ አስኪያጁ ያላሰበው አንድ ነገር አለ። ሆስፒታላችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ማንም ሳያየው በፊት የሚቆመው በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው። ክፍሌ ሳለሁ የማየው ሃያ አልጋ ነበር፤ አሁን የወረዳው ሕዝብ በሙሉ ፊቴ ያልፋል። ካርዶቹን ደርድሬ ወደ ምርመራ ክፍል የምልከው እኔ ነኝ፣ ለምን ይሄ ከላይ ሆነ ብሎ ካርድ ክፍልን የገመገመ ደግሞ እስካሁን የለም።

ትናንት አንድ ገበሬ ለሚያስለው ልጁ ካርድ ሊያወጣ መጣ። ልጁ ጉንፋን ነው፤ ዓይኑ ይስቃል። አባትየው ግን አላማረኝም።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔማ ምን ሆኜ፣ ደህና ነኝ» አለ።

ስሙን ጠይቄ ለእሱም ካርድ አወጣሁና ከሁሉም በላይ አስቀመጥኩት።